ከአምስት መቶ ሰው መሀል የጠፋው መስቀል

ይህን ሥዕል መጀመሪያ ስልኬ ላይ ሳየው የገበያ ቀን ነበር የመሰለኝ። ሰፊ መስክ ነው። ሕዝቡ ግር ብሎ ይተምማል። ፈረስ አለ፣ ጋሪ አለ፣ የሚላፉ ልጆች አሉ፣ ሸክሙን ያዘለ ነጋዴ አለ። በስተግራ ራቅ ብሎ ከተማ ይታያል። ከሁሉም በላይ አንድ ሹል ቋጥኝ ወደ ሰማይ ተመዟል፤ ጫፉ ላይ የንፋስ ወፍጮ ተቀምጧል። ርዕሱን ሳነበው ግን «ወደ ቀራንዮ ጉዞ» ይላል። ታዲያ ክርስቶስ የታለ?

ግራ ፈለግሁ፣ ቀኝ ፈለግሁ። ጋሪውን አየሁና እሱን ተከተልኩ። ጋሪው ላይ ያሉት ሁለቱ ወንበዴዎች ናቸው። ብዙ ከደከምኩ በኋላ አገኘሁት። ከመስቀሉ ሥር በጉልበቱ ወድቋል። ስልክ ላይ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው። የሚገርመው ግን የተሰወረው ጥግ ይዞ አይደለም። ሥዕሉን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለት መስመር ብታጠላልፉት፣ መስመሮቹ የሚገናኙት እሱ አጠገብ ነው። መሀል ላይ ሆኖ ነው የጠፋው።

አንድ ሠዓሊ የሕማማትን ታሪክ ለመሳል ተነስቶ፣ ዋናውን ሰው መሀል ላይ አስቀምጦ፣ ለምን እንዳይታይ ያደርገዋል? ነገሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ስለ ሠዓሊው፣ ስለ አገሩና «መልክዓ ምድር» ስለሚባለው ነገር ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሠዓሊው ፒተር ብሩጌል ይባላል። በስሙ የሚጠራ ሠዓሊ ልጅ ስለነበረው «ትልቁ ብሩጌል» እያሉ ይለዩታል። በ1551 የአንትወርፕ ሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነ። የዛሬዋ ቤልጅየም ውስጥ ያለችው አንትወርፕ በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ ታላላቅ የንግድ ወደቦች አንዷ ነበረች። በ1563 አግብቶ ወደ ብራስልስ ተዛወረ። ይህን ሥዕል የጨረሰው በማግስቱ ዓመት፣ በ1564 ነው። በ1569 ብራስልስ ውስጥ ሞተ። ዛሬ የእሱ ናቸው ተብለው የሚታመኑት የቀለም ሥዕሎች 40 ያህል ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል 12ቱ ቪየና በሚገኘው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ፤ «ወደ ቀራንዮ ጉዞ» አንዱ ነው። ሥዕሉ በሸራ ላይ ሳይሆን በወይራ ዓይነት ጠንካራ በሆነ የኦክ ሳንቃ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ቁመቱ 124፣ ወርዱ 170 ሴንቲ ሜትር ነው። ያን በሚያህል ሳንቃ ላይ ከ500 በላይ ሰው አለ።

እኛ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየን ያደግነው ሥዕል የራሱ ሕግ አለው። ቅዱሱ ትልቅ ነው። ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል፤ ሁለት ዓይኖቹ ወለል ብለው ይታያሉ። ክፉው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ልማድ ተነስቶ ወደ ብሩጌል የሚሄድ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እዚህ ክርስቶስን ለብቻው የሚያጎላው ብርሃን የለም፤ በመጠንም ከአጠገቡ ካለው ወታደር አይበልጥም። ሠዓሊው ምንም አይጠቁማችሁም።

ይህ አሳሳል ግን ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከብሩጌል 50 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አንትወርፕ ውስጥ ዮአኪም ፓቲኒር የሚባል ሠዓሊ ነበር። በ1515 ማኅበሩን ተቀላቀለ፣ በ1524 ሞተ። ከእሱ በፊት ተራራና ወንዝ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለ ማጀቢያ ነበር። ፓቲኒር ገለበጠው። ቅዱስ ጄሮምን ወይም ወደ ግብፅ የተሰደደችውን እመቤታችንን ትንሽ አድርጎ፣ ምድሪቱን አሰፋት። በአንድ ሰሌዳ ላይ ባሕር፣ ገደል፣ ጫካ፣ እርሻ፣ ከተማ፣ ወደብ ሁሉ ገባ። ተመልካቹን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያቆመዋል፤ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ቁልቁል እንደሚያየው ማለት ነው። አድማሱ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይጠጋል፤ ስለዚህ ሰማዩ ይጠብና ምድሩ ይሰፋል። የሥዕል ታሪክ ሰዎች ይህን «የዓለም መልክዓ ምድር» ይሉታል። አንድን የታወቀ ቦታ ለማሳየት የተሳለ አይደለም፤ ዓለምን በሙሉ አጭቆ ለማሳየት ነው። ታላቁ ጀርመናዊ ሠዓሊ አልብሬሽት ዱረር በ1520 እና በ1521 አካባቢውን ሲጎበኝ ፓቲኒርን አግኝቶታል፤ በማስታወሻው ላይም «ጎበዙ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ» ብሎ ጽፎለታል። ሙያው ራሱን የቻለ ስም ማግኘት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ርቀቱን እንዴት እንደሚፈጥሩት ማወቅ ደስ ይላል፤ ቀላል ዘዴ ነው። ከእግራችን ሥር ያለው መሬት ቡናማ ይቀባል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ ይሆናል። የመጨረሻው ሩቅ ሰማያዊ። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሩቅ ተራራ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መሀል ላይ ያለው አየር ተራራውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ፓቲኒር ሦስቱን ቀለማት እንደ ደረጃ ደራርቦ ዓይናችንን እስከ ዓለም ዳርቻ ይወስደዋል። ብሩጌል ዘዴውን ወሰደ፣ ግን ደረጃዎቹ እንዳይታወቁ አዋሐዳቸው።

ለምን እዚያ አገር፣ ለምን በዚያ ጊዜ ብትሉ አንዱ መልስ ገበያ ነው። አንትወርፕ ውስጥ ሥዕል እንደ ጨርቅና እንደ ቅመም ይሸጥ ነበር። ሠዓሊው ገዢ እስኪያዘው ሳይጠብቅ ይሠራል፤ ነጋዴው ይገዛና ወደ ጣሊያን፣ ወደ ስፔን ይልካል። የጣሊያን ሥዕል ገዢዎች የፍላንደርስን፣ ማለትም አንትወርፕና ብራስልስ ያሉበትን አገር፣ ሠዓሊዎች ለመልክዓ ምድር ይፈልጓቸው ነበር። ገበያ ባለበት ደግሞ ሥራ ይከፋፈላል። ፓቲኒር መልክዓ ምድሩን ሠርቶ ሰዎቹን ወዳጁ ክዊንተን ማሲስ የሳለበት ሥዕል ዛሬ ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሁለተኛው መልስ ካርታ ነው። የዓለም ካርታ በብዛት የሚታተምበት ዘመን መጥቷል። በ1570 የመጀመሪያው ዘመናዊ አትላስ የሚባለውን ያሳተመው አብርሃም ኦርቴሊየስ የብሩጌል ወዳጅ ነበር። ምድርን ከላይ ሆኖ ማየት የዘመኑ አባዜ ሆኗል።

ብሩጌል ራሱም ተጓዥ ነበር። በ1552 ገደማ ወደ ጣሊያን ሄዶ ሲመለስ የአልፕስን ተራሮች አቋርጧል። ፍላንደርስ እንደ ምጣድ ዝርግ አገር ነው። እንደዚያ ካለ አገር የተነሳ ሰው የአልፕስን ገደል ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። በ1604 የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ካረል ቫን ማንደር፣ ብሩጌል ተራራና ቋጥኙን ሁሉ ውጦ፣ አገሩ ሲገባ ሰሌዳው ላይ መልሶ ተፋው ብሎ ቀልዶበታል።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንግባ። የሚመራን ክር ቀይ ነው። ከግራ ጀምሮ እስከ ቀኝ ድረስ ቀይ ኮት የለበሱ ፈረሰኞች ተበታትነዋል። እነሱን አንድ በአንድ ከተከተላችሁ ሰልፉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ይገባችኋል። በስተግራ ያለችው ከተማ ኢየሩሳሌም ናት። በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ሕዝብ ክብ ሠርቶ የቆመበት ጉብታ ጎልጎታ ነው። ሰልፉ ከግራ ወርዶ፣ መሀሉን አቋርጦ፣ እንደ ቅስት ታጥፎ ወደዚያ ይወጣል። ሰማዩም አብሮ ይሄዳል። ከተማዋ ላይ ብራ ነው። ጎልጎታ ላይ ደመናው ጠቁሯል። በግራ ጠርዝ ቅጠሉ የለመለመ ዛፍ ቆሟል። በቀኝ ጠርዝ ትይዩ የቆመው ዛፍ አይደለም፤ ጫፉ ላይ መንኰራኩር የተሰካበት ረጅም ግንድ ነው። ያ መንኰራኩር የጋሪ ትርፍ አይደለም። በዘመኑ በአውሮፓ የሞት ቅጣት የተፈረደበትን ሰው አጥንቱን ሰባብረው እንዲህ ያለ መንኰራኩር ላይ አስረው ወደ ላይ ይሰቅሉታል። አሞራ ይጨርሰዋል። ግንዱ ላይ ቁራ አርፏል፤ ከሥሩ የፈረስ ራስ ቅል ተጥሏል። ከልምላሜ ተነስተን ወደ አጥንት ነው የምንጓዘው።

የሚያስቀው፣ ማሳቅ ከተባለ፣ የሕዝቡ ሁኔታ ነው። አብዛኛው ሰው የመጣው ሊያለቅስ አይደለም፤ ሊያይ ነው። ሰው ተገደለ ሲባል ሥራውን ጥሎ የሚሮጥ ዓይነት ሕዝብ ነው። ወጣቶች ውሃ ይሻገራሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ከሰልፉ ተቃራኒ ወደ ገበያው ይሄዳል። ሁለቱ ወንበዴዎች ጋሪ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቆብ ያጠለቁ መነኮሳት ንስሐ ያስገቧቸዋል። ወንበዴዎቹ የያዙትን ግን ልብ በሉ፤ መስቀል ነው፣ የተሰቀለው ክርስቶስ ያለበት መስቀል! ክርስቶስ ገና ሳይሰቀል፣ ከኋላቸው ወድቆ ሳለ። ብሩጌል ዘመናቱን ተሳስቶ አይመስለኝም። ለተመልካቹ «ይህ የሆነው ድሮ ነው ብለህ እንዳትገላገል» እያለው ነው። ልብሱ የ1564 ልብስ ነው፣ አገሩ የፍላንደርስ አገር ነው፣ ግድያው ሰዉ በየአደባባዩ የሚያውቀው ግድያ ነው።

ከሥዕሉ ሁሉ እኔን የምትገርመኝ ግን የስምዖን ሚስት ናት። በወንጌል እንደምናነበው ወታደሮቹ ስምዖን የተባለውን የቀሬና ሰው መስቀሉን እንዲሸከም አስገደዱት። ብዙ ሠዓሊዎች ይህን በአንድ ጥግ ያልፉታል። ብሩጌል በስተግራ፣ ወደ እኛ ቀረብ አድርጎ ሙሉ ጠብ አደረገው። ወታደሮቹ ስምዖንን ይጎትቱታል። ሚስቱ አልለቅም ብላ ወደ ኋላ ትስበዋለች። ሊሸጡት የያዙት በግ እግሩ እንደታሰረ መሬት ወድቋል፤ እንስራቸውም እንዲሁ። ዙሪያው የቆመው ሕዝብ ክርስቶስን ትቶ ይህን ግርግር ያያል። አሁን ወደ ሴትየዋ ወገብ ተጠጉ። መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ጸሎተኛ ሴት ናት ማለት ነው። በመቁጠሪያዋ ስሙን የምትጠራው ጌታ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ወድቋል፤ ባሏ እንዳያግዘው የምትታገለው ደግሞ እሷ ናት። የታሰረው በግ አጠገቧ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም። ብሩጌል ግን አይሰብክባትም። ባሏን ወታደር ሲወስድባት ዝም የምትል ሚስት የት አለች? ያሳዝናልም፣ ያሳፍራልም።

በሰልፉ ውስጥ የሌሉ አራት ሰዎች አሉ። ከታች በስተቀኝ፣ ከፍ ያለች መሬት ላይ፣ እመቤታችን በሐዘን ዝላ ተቀምጣለች። ዮሐንስ ይደግፋታል። ሁለት ሴቶች አብረዋት ያለቅሳሉ። ከሥዕሉ ትልልቆቹ ሰዎች እነሱ ናቸው፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆኑ። አሳሳላቸው ግን ከሌላው ሁሉ ይለያል። አካላቸው ቀጠን፣ ልብሳቸው እጥፍጥፍ፣ ፊታቸው ገርጣ ያለ ነው። ከብሩጌል 100 ዓመት በፊት የነበሩት እንደ ሮጊር ቫን ደር ቫይደን ያሉ ሠዓሊዎች ለመንበር የሚሠሩት ሥዕል ይመስላሉ። ብሩጌል የዘመኑን ሰው በዘመኑ ልብስ ሳለ፣ ቅዱሳኑን ግን ከአሮጌ የመንበር ሥዕል አውጥቶ እዚህ ያስቀመጣቸው ያህል ነው። ከሕዝቡ ውስጥ እነሱን ልብ የሚል የለም። እነሱም ወደ ሕዝቡ አያዩም። በአንድ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አለ።

ወፍጮውስ? በዚያ ሹል ቋጥኝ ላይ የንፋስ ወፍጮ ማንም አይሠራም። እህሉን ማን ያወጣዋል? ዱቄቱን ማን ያወርደዋል? ስለዚህ ምሳሌ ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። አንዳንዶች ከስንዴና ከእንጀራ፣ ከዚያም ከቅዱስ ቁርባን ጋር ያያይዙታል፤ የስንዴ ቅንጣት ተፈጭቶ ነው ሥጋው የሚሆነው። ሌሎች ደግሞ ሰው ቢሞት ባይሞት የሚዞረውን ጊዜ ያዩበታል። የመጀመሪያው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ወፍጮው ከሕዝቡ ሁሉ በላይ፣ ከሰማዩ ጋር ተጋጥሞ ነውና የቆመው። ቋጥኙ ራሱ ደግሞ የፓቲኒር ውርስ ነው። የእሱ ሥዕሎች እንዲህ ባሉ እንግዳ ቋጥኞች የተሞሉ ናቸው።

ስለ ፈረሰኞቹ ብዙ ይባላል። በዚያን ጊዜ አገሩን የሚገዛው በስፔን የተቀመጠው ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ ነበር። የፕሮቴስታንት እምነት የተቀበሉ ሰዎች በመናፍቅነት እየተከሰሱ ይገደሉ ነበር። ቀይ ኮት ለባሾቹ የመንግሥት ቅጥረኛ ፈረሰኞች እንደሆኑ ይታመናል። ታዲያ አንዳንድ ጸሐፊዎች ሥዕሉን በስፔን ላይ የተሰነዘረ ተቃውሞ ያደርጉታል። እኔ እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ፊሊጶስ የላከው፣ በጭካኔው የሚታወሰው የአልባ መስፍን ጦሩን ይዞ ብራስልስ የገባው በነሐሴ 1567፣ ከሥዕሉ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። የፊሊጶስ ዋና ሹም የነበሩት ካርዲናል ግራንቬል ደግሞ ከብሩጌል ሥዕል ወዳጆች አንዱ ነበሩ። ሥዕሉ የፖለቲካ በራሪ ወረቀት አይደለም። ግን የ1564 ተመልካች ቀዩን ኮት ሲያይ ጲላጦስን ብቻ አያስብም፤ ትናንት በደጁ ያለፉትን ፈረሰኞችም ያስባል። ለሥዕሉ ይህ ይበቃዋል።

ባለቤቱም ወሬ አለው። ኒክላስ ዮንግሊንክ የሚባል የአንትወርፕ ባለሀብት 16 የብሩጌል ሥዕሎች ነበሩት። በየካቲት 1566 አንድ ወዳጁ ለከተማው መክፈል ላለበት የወይን ቀረጥ ዋስ ሲሆን ሥዕሎቹን በመያዣነት አስመዘገበ። ዋስትናው በአገሩ ገንዘብ 16 ሺህ ጊልደር ነበር። «ወደ ቀራንዮ ጉዞ» በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ስለ መስቀል የተሳለ ሥዕል የቀረጥ መያዣ ሆነ ማለት ነው። በኋላ ኦስትሪያን ይገዙ የነበሩት የሀብስበርግ ነገሥታት እጅ ገብቶ ቪየና ደረሰ። ሀብስበርጎች የፊሊጶስ ዘመዶች ናቸው። ፈረሰኞቹ ወደ ጌቶቻቸው ቤት ገቡ ብንል ያስኬዳል።

ብሩጌል እንዲህ ያለውን መሰወር የሠራው አንዴ ብቻ አይደለም። በ1566 የሳለው «የቤተልሔም ሕዝብ ቆጠራ» ብራስልስ ይገኛል። በረዶ የለበሰ የፍላንደርስ መንደር ነው። ሰው ግብር ለመክፈል በር ላይ ይጋፋል፤ ልጆች በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ከታች፣ ከጋሪዎቹ አጠገብ፣ አህያ ላይ የተቀመጠች ሰማያዊ የለበሰች ሴት አለች። አህያዋን የሚስበው ሰውዬ መጋዝ ተሸክሟል። ማርያምና ዮሴፍ ናቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። በ1567 ደግሞ የሳውልን መለወጥ ሳለ። ደማስቆን ብትፈልጉ አታገኟትም፤ ያለው የአልፕስ ገደል ነው። ጦሩ በጠባብ መተላለፊያ ይግተለተላል። ለእኛ የሚቀርበው የአንድ ፈረስ ቂጥ ነው። የወደቀው ሳውል መሀል ላይ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ከእግሮች ሥር ነው። በሦስቱም ሥዕል ነገሩ አንድ ነው። ታላቁ ነገር ሲሆን ሰው ሥራ ላይ ነው። መልክዓ ምድሩ የሰፋው ለማስዋብ አይደለም። ሕዝቡ ለምን እንዳላየ እንዲገባን ነው፤ እኛም እንዳላየን።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ክርስቶስን ባጣው ያላፈርኩት። ሠዓሊው እንድናጣው ፈልጓል። ትልቅ አድርጎ ቢስለው ኖሮ እኛ ከሕዝቡ የተሻልን መስሎን እንቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ፤ ከእኛ ጋር ይገናኛል። የፍላንደርስ አሳሳል ተቃራኒውንም ያውቃል፤ እጅግ ቀርቦ ማየትን። በኢትዮጵያ ነገሥታት ቤት «ኵርዓተ ርእሱ» ይባል የነበረውን ሥዕል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ ነው፤ ከደረቱ በላይ ብቻ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በፍላንደርስ ሠዓሊ፣ ወይም የፍላንደርስን ስልት በተማረ ፖርቱጋላዊ እንደተሳለ ይታመናል። መሳፍንቱ ይማሉበት ነበር። ነገሥታቱ ሲዘምቱ አብሮ ይዘምታል። በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል። በ1868 ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የብሪትሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ወደ አገሩ አልተመለሰም። መልክዓ ምድር የለውም፣ ሕዝብ የለውም። ፊት ብቻ ነው። ከአንድ ወገን የመጡ ሁለት ሥዕሎች ናቸው። አንዱ ሕማሙን ከክንድ ርቀት ያሳያል፣ ሌላው ከኮረብታ ላይ። የነገሥታቱ ዘመን ኢትዮጵያ የቀረበውን መረጠች፤ የሚማልበት፣ የሚሳለሙት ሥዕል ቀርቦ ማየት አለበትና።

ብሩጌልን ለማየት ቪየና መሄድ ግድ አይደለም። ሙዚየሙ ሥዕሎቹን በጣም ከፍ ባለ ጥራት አንስቶ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል፤ እስከ ብሩሹ ጭረት ድረስ እያጎሉ ማየት ይቻላል። ከቀለሙ ሥር ያለውን ንድፍም የሚያሳይ ምስል አለ። ስልክ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ከተቻለ ሰፋ ያለ ስክሪን ላይ ይሁን። ጊዜም ይፈልጋል። እኔ ግማሽ ሰዓት የፈጀሁት ጎልጎታን ብቻ ሳይ ነው።

እዚያ ላይ ቀድመው የደረሱ ሰዎች አሉ። ደህና ቦታ ለመያዝ ሮጠው የወጡ ናቸው። ከሩቅ እንደ ጉንዳን ይታያሉ። ክብ ሠርተው መሀሉን ክፍት ትተውታል። በክቡ ውስጥ ሁለት መስቀሎች ቆመዋል። ለሦስተኛው ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው።